ለዩክሬን መሣሪያ መስጠት፦ 1928ን የሚያስታውስ ሰው ምን ይላል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጉዳይ እዚህ ያመጣሁት ሥራ ቦታም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም፣ ዘመድ ቤት ስንሰባሰብም አንድ አይነት ነገር ስለምሰማ ነው። "አሜሪካ በሰው ጦርነት ምን አግብቷት ነው መሣሪያ የምትልከው፣ ለሁለቱም አለመስጠት ነው ሰላም የሚያመጣው" ይላሉ። ይሄን የሚሉት የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፣ ከክፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን የኛ ሰው ሲለው ውስጤ ይቃጠላል፣ ምክንያቱም "ለሁለቱም አንሰጥም" የሚለው ነገር በኛው አያቶች ላይ ተሞክሮ ያለቀ ነገር ነው።

በኅዳር 1927 ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋ ግጭቱ ከተነሳ በኋላ ሙሶሎኒ በምፅዋ በኩል ወታደርና መድፍ ሲያራግፍ ከረመ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ያን ክረምት ያደረጉት ምንድነው፣ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም የመሣሪያ ፈቃድ አንሰጥም አሉ። አሜሪካም በኦገስት 1935 መጨረሻ የገለልተኝነት ሕጓን አወጣች፣ ወረራው በመስከረም 22፣ 1928 ሲጀመር ደግሞ ሩዝቬልት ወዲያው ሕጉን በሁለቱም ላይ አወጀው። ወረቀቱ ላይ ስታየው እኩል ነው። ግን ጣሊያን አውሮፕላኑንም ታንኩንም መትረየሱንም የሚሠራው ራሱ ነው፣ ከማንም መለመን አያስፈልገውም። እኛ መድፍ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረንም፣ ከባህር የሚያገናኘን አንድ የባቡር ሐዲድ ነው፣ እሱም ጫፉ ጅቡቲ ላይ ፈረንሳይ እጅ ውስጥ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈርጆ በኛ ላይ የነበረውን ክልከላ ያነሳው ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ደግሞ ነዳጅን አልጨመረም፣ ስዊዝ ካናልም አልተዘጋባትም። ከዛ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሰናፍጭ ጋዙን፣ ማይጨውን፣ ንጉሡ በሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው የተናገሩትን።

አሁን ወደ ዩክሬን እንምጣ። ባይደን በኦክቶበር 2023 ገንዘብ ጠየቀ፣ ኮንግረሱ እየተጨቃጨቀ ወራት አለፉ፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ኤፕሪል 20፣ 2024 ነው፣ 311 ለ112። በመሀል አቭዲቭካ የምትባለው የምሥራቅ ዩክሬን ከተማ በፌብሩዋሪ ወደቀች። ወታደሮቹ የመድፍ ጥይት እየቆጠሩ ነበር የሚተኩሱት። እና እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ፋብሪካ ያለውና የሌለው ሲዋጉ "ለሁለቱም አልሰጥም" ያለ ሰው ለባለ ፋብሪካው ሰጥቷል። ካልተስማማችሁ በማስረጃ ሞግቱኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ

ወንድሜ ታሪኩን ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ሩሲያን ጣሊያን፣ ዩክሬንን ኢትዮጵያ ስታደርግ እዛ ጋ ነው የምቆመው። ከዓድዋ በኋላ ቁስለኞቻችንን ሊያክም በፈረንጆቹ 1896 ቀይ መስቀል ልኮ ሐኪም ያስገባልን ማን ነው? ሩሲያ። በኛ አቆጣጠር በ1970 ሶማሊያ ጅጅጋን ይዛ ሐረር በር ላይ ስትቆም ታንክ በአውሮፕላን ጭኖ ያመጣልን ማን ነው? ሞስኮ። በኤፕሪል 2022 አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ልንዘምት ብለው የተሰለፉትን ወጣቶች በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራ አጥነቱ ነው የገፋቸው የሚል አለ፣ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ደግሞ ሰው ውስጥ ያለ ስሜት አለ። መንግሥታችንም በማርች 2022 የተመድ ድምፅ ሲሰጥ ከአዳራሹ አልነበረም፣ ያ ዝም ብሎ የሆነ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ምዕራቡ መሣሪያ የሚሰጠው ለተበደለ ነው ካልክ በ2021 መጨረሻ አሜሪካ በኛ ላይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ገደብ የጣለችውን ምን ትለዋለህ? ለዩክሬን ሲሆን ነፃነት፣ ለኛ ሲሆን ገደብ። ስለ ተጠቂና አጥቂ አይደለም የሚያስቡት፣ ማን የኔ ነው ማን የሌላው ነው ብለው ነው። እና አንድ ያላነሳኸው ነገር አለ፣ ሩሲያ ኒውክሌር ያላት አገር ናት። ሙሶሎኒ አልነበረውም። መሣሪያ እየጨመርክ ጥግ ስታስይዛት መጨረሻው የት ነው?

ማሂ ሽቱትጋርት

እኔ ጀርመን ነው የምኖረው፣ እዚህ ይሄ ክርክር ሦስት አመት ሙሉ ቁርስ ላይም እራት ላይም ነበር። ከመሀሉ ስላየሁት ትንሽ ልጨምር።

በጃንዋሪ 2022 ዩክሬን መሣሪያ ስትለምን ጀርመን የሰጠችው መልስ 5,000 የራስ ቁር ነው። ሄልሜት! አብራኝ የምትሠራ የካርኪቭ ልጅ አለች፣ ያን ቀን ያለችኝን ዛሬም አልረሳውም፣ "ጭንቅላታችን እንዲተርፍ ነው አገራችን ግን ይሂድ" ነበር ያለችው። ወር ሳይሞላ ወረራው ጀመረ፣ የዛን ጊዜው መራሔ መንግሥት ሾልስ ፓርላማ ቆሞ 100 ቢሊዮን ዩሮ ለጦሩ መደብኩ አለ፣ ጦርነት ላለበት አገር መሣሪያ አንልክም የሚለው የቆየ አቋም በሦስት ቀን ተገለበጠ። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ግን እየዘገየ ነው የሆነው። ሌዎፓርድ ታንክ ለመላክ እስከ ጃንዋሪ 2023 ፈጀ። ታውረስ የሚባለውን ረዥም ርቀት ሚሳኤል ሾልስ ሥልጣን እስኪለቅ አልሰጠም። ጌፓርድ የሚባለው የአየር መከላከያ ተላከና ጥይቱ የስዊዘርላንድ ሆኖ ተገኘ፣ ስዊዞቹ እኛ ገለልተኛ ነን የሸጥንላችሁ ጥይት ጦርነት ላይ አይውልም ብለው ከለከሉ። ጌፓርድ እኮ ከሰማይ የሚመጣ ድሮን የሚመታ ነው፣ የሰው ቤት ላይ የሚወድቀውን! በመጨረሻ ራይንሜታል የሚባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ እዚሁ ጀርመን አዲስ መስመር ከፍቶ ጥይቱን ማምረት ጀመረ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ያልከው የገለልተኝነት ነገር ማለት በኔ እምነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዛ ላይ ነው።

ግን እኔ ከአንተ ጋ ሙሉ በሙሉ አልሄድም። የራይንሜታል አክሲዮን ከጦርነቱ በፊት 100 ዩሮ አካባቢ ነበር፣ በ2025 ከ1,500 በላይ ወጣ። ጦርነቱ በቶሎ እንዲያልቅ የማይቸኩል ሰው አለ ማለት ነው። በ2019 ጄኖቫ ወደብ ላይ የጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ባህሪ ያንቡ የምትባል የሳዑዲ መርከብ ላይ ዕቃ አንጭንም ያሉትን ታስታውሳላችሁ? ዕቃው ለየመን ጦርነት ይውላል ብለው ነው። እነሱም ከዚህ ከራይንሜታል ሠራተኛ ያላነሰ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፣ ደሞዛቸውን አደጋ ላይ ጥለው ነው እምቢ ያሉት። እንደዛ አይነት እምቢታ ደግሞ ክቡር ነው ለኔ። ስለዚህ ጥያቄው ይሰጥ አይሰጥ ብቻ ሳይሆን ለማን፣ ምን አይነት፣ ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ነው።

ካርቱም የነበርኩ

ስለ ዩክሬን ስታወሩ እኔ እኖርበት የነበረውን ከተማ ነው የማስበው። ኤፕሪል 15፣ 2023 ጠዋት ተኩስ ሲጀመር ካርቱም ነበርኩ። ብዙ አበሻ ነበረ እዛ፣ ቤት ሠራተኛው ሻይ ሻጯ ሁሉም። በመተማ ወጥተን ነው የተረፍነው፣ ያልወጡም አሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ያንተን ሐሳብ ሱዳን ላይ አምጣና ንገረኝ። ሱዳን ውስጥ ፋብሪካ የሌለው ማን ነው? ሕዝቡ ነው። ሁለቱም ወገን ከውጭ ይሰጠዋል። ከሠራዊቱ ጋ የሚዋጋውን ፈጥኖ ደራሽ ጦር ኤምሬቶች ታስታጥቃለች ተብሎ የተመድ ባለሙያዎችም የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትም ተናግረዋል፣ ኤምሬቶች ደግሞ በፍጹም ትላለች። ሱዳን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት፣ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፣ እውነቱን ገብቶ እንኳን አላየውም። ሠራዊቱም ከኢራንና ከቱርክ ድሮን አግኝቷል ተብሎ ተዘግቧል። ተመድ የመሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል አይደል እንዴ? አዎ ጥሏል፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ግን ዳርፉር ላይ ብቻ ነው፣ መሣሪያው ሌላው የሱዳን ክፍል ገብቶ በመኪና ዳርፉር ይደርሳል። ኤል ፋሸር ከአንድ አመት በላይ ተከባ በኦክቶበር 2025 ወደቀች፣ ከዛ የሆነውን ቪዲዮ ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው የቀረጹት። እኔ ስለዚህ ማዕቀብ የሚባል ነገር መጥፎ ነው ስትሉኝ አልቀበልም። ማዕቀቡ ስላልተከበረ ነው ሰው ያለቀው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

@ካርቱም የነበርኩ፦ እግዚአብሔር ስላተረፈህ ይመስገን። ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ማዕቀብ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የሱዳን ጦርነት ሁለት ጄኔራሎች የሕዝብን አገር ለመካፈል የሚታገሉበት ነው፣ እዛ ለአንዱ መስጠት ሕዝቡን መግደል ነው፣ ማዕቀቡ ወደ መላ አገሪቱ ሰፍቶ በትክክል መከበር አለበት። ዩክሬን ግን ድንበር ተሻግሮ የገባ ጦር ያለበት ነው። እኔ የምለየው እዛ ጋ ነው፣ መንግሥት ያለው አገር ተወርሮ ራሱን ልከላከል ሲል፣ የተመድ ቻርተር አንቀጽ 51 የሚፈቅድለት ነገር ነው።

@የአራት ኪሎ ልጅ፦ ስለ ሩሲያ ሐኪሞች ያልከውን አከብራለሁ፣ ውለታ አይካድም። ግን ውለታ የዋለልህ ሰው የጎረቤቱን ቤት ሲያፈርስ ዝም ማለት ያለብህ አይመስለኝም። ኒውክሌሩን ስታነሳ ደግሞ እኔም አንድ ላንሳ፣ ዩክሬን ሶቪየት ስትፈርስ በምድሯ ላይ 1,900 የሚጠጋ ስትራቴጂክ የኒውክሌር አረር ቀርቶላት ነበር፣ መቆጣጠሪያው ሞስኮ ቢሆንም። በ1994 ቡዳፔስት ላይ ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ድንበርሽን እናከብራለን ብለው ፈርመውላት አስረከበች። አሁን ኒውክሌር ያለው ስለሆነ አንንካው ካልን ነገ የትኛው አገር ነው የፈረመለትን አምኖ የሚያስረክበው?

ጡረተኛው

ልጆቼ ሰላም ነው። የምትጽፈው ልጄ ናት እኔ እየነገርኳት፣ ዓይኔ ስክሪን አይችልም። የ1970ውን ጦርነት አንስታችኋልና በዛ ውስጥ የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኛ ጦር በአሜሪካ መሣሪያ ነው የተሠራው። ታንካችን ኤም-41ና ኤም-47፣ አውሮፕላናችን ኤፍ-5፣ ሥልጠናውም ቃሉም ሁሉም የነሱ ነው። በ1969 ካርተር መጣና በሰብአዊ መብት ምክንያት እርዳታውን ቀነሰ፣ የኛም መንግሥት አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያን ዘጋ፣ የተከፈለበት መሣሪያ ሳይቀር መምጣቱ ቀረ። መለዋወጫ የለም። ሶማሊያ ደግሞ ለዓመታት ሶቪየት ያስታጠቃት ጦር ነው ያላት፣ ቲ-55 ታንክ፣ ሚግ-21። በሐምሌ ገባችብን። አየር ኃይላችን ውስጥ ያሉት ልጆች በዛች በጥቂት ኤፍ-5 የሠሩትን ሥራ ታሪክ ይናገረዋል፣ ሰማዩን ያዙ። መሬት ላይ ግን አልቻልንም፣ ጅጅጋ በመስከረም መጀመሪያ ወደቀች። ካራማራን ለቀን ስንወጣ የነበረውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዛ ነው ሞስኮ ፊቷን ያዞረችው። ሲያድ ባሬ በኅዳር ሶቪየቶቹን አባረረ፣ በዛው ወር የአየር ድልድይ የሚሉት ተጀመረ፣ ኩባዎች መጡ፣ የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ መጣ። እኛ በሰማይ በባህር የሚራገፈውን መሣሪያ ስናይ አልቅሰናል፣ በእውነት ነው የምላችሁ። ጅጅጋን በየካቲት መጨረሻ አስመለስን። መሣሪያ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ የምታወሩት ኢትዮጵያ በዚህ ቅርጿ አትኖርም ነበር። ስለዚህ ይሄ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ልክ ነው እላለሁ፣ የተወረረ ሰው መሣሪያ ካላገኘ ስብከት አይሠራለትም።

ግን ልጆቼ ይሄንንም ስሙ። ያ የመጣው መሣሪያ ከሶማሊያ ጋር ስንጨርስ አልተመለሰም። ወደ ሰሜን ዞረ። ወንድም ከወንድም 13 ዓመት ተገዳደለበት። ሰጪዎቹም አማካሪ ብለው ተቀምጠው ምን እንደምናስብ እስከመወሰን ደረሱ፣ ዕዳውም ለልጆቻችን ተረፈ። በ1983 ጦሩ ሲበተን ክላሹ በየመንደሩ በስንት እንደተሸጠ የዛን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። እኔ እስከዛሬ የሚቆጨኝ መሣሪያ መምጣቱ አይደለም፣ ሲመጣ እስከ መቼ ነው፣ ለምን ነው፣ ሲያልቅስ የት ይገባል ብሎ የተነጋገረ ሰው አለመኖሩ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ

ጋሼ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እንደናንተ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ እዚህ ቁጭ ብለን አንከራከርም ነበር። እርስዎ ያሉት ነገር ግን የኔንም ሐሳብ የሚያግዝ ይመስለኛል፣ መሣሪያ የሰጠ ሰው ሪሞቱን ይይዛል። ትራምፕና ዜሌንስኪ በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ኋይት ሀውስ ከተጨቃጨቁ በኋላ አሜሪካ በማርች መጀመሪያ መሣሪያውንም የስለላ መረጃውንም በቀናት ልዩነት ስታቆም አላያችሁም? ጄዳ ላይ ተደራድረው ዩክሬን የተኩስ አቁም እቀበላለሁ ስትል ተከፈተ። ያ ነፃነት ነው? እኔ የምፈራው ዩክሬን መጨረሻ ላይ ለሞቱት ልጆቿም ለመሬቷም ራሷ የማትወስንበት ሁኔታ ውስጥ እንዳትገባ ነው። በ2022 ኢስታንቡል ላይ በሩሲያና በዩክሬን መሀል የነበረው የሰላም ንግግር ቢገፋ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ይሄን ስል ሩሲያ መልአክ ናት እያልኩ አይደለም።

ፔንሲልቬንያ ነዋሪ

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የኛ ሰው "ታክሳችንን ለዩክሬን በተኑት" ሲል እሰማለሁ። አሜሪካ ከ2022 እስከ 2025 መጀመሪያ ለወታደራዊ እርዳታ ያወጀችው ከ65 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ ቀላል ብር አይደለም። ግን ትልቁ ክፍል በጥሬ ገንዘብ ኪየቭ የሚሄድ አይደለም፣ ከመጋዘን ያለ ዕቃ ተልኮ በምትኩ አዲስ እዚሁ ይመረታል። እኔ የምኖረው ስክራንተን አጠገብ ነው፣ የመድፍ ጥይት ቀፎ የሚሠራው የጦር ኃይሉ ፋብሪካ እዛ ነው። ከጦርነቱ በፊት አሜሪካ በወር 14,000 አካባቢ ነበር የ155 ሚሊሜትር ጥይት የምታመርተው፣ ከዛ ግቡን 100,000 አደረጉት። ሰፈሬ ውስጥ ኦቨርታይም የሚሠራ ሰው አለ፣ ልጆቹን ኮሌጅ እያስተማረበት ነው። ይሄን የምለው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብዬ ሳይሆን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አውቀን እንድንከራከር ነው። ከ2025 ክረምት ወዲህ ደግሞ አሠራሩ ተቀይሯል፣ የአውሮፓ አገራት ናቸው ከፍለው ከአሜሪካ ገዝተው ለዩክሬን የሚሰጡት።

የዓይደር ሰፈር

አንብቤ አንብቤ ልተወው ብዬ ነበር አልቻልኩም። እኔ መቐለ ነው ያደግኩት። በግንቦት 28፣ 1990 የኤርትራ አውሮፕላን ዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ክላስተር ቦምብ ሲጥል ልጅ ነበርኩ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎችና ሊያነሷቸው የሮጡ ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽንም በኋላ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። ክላስተር ማለት አንዱ ሲፈነዳ ሌላው መሬት ላይ ቀርቶ ከሳምንት በኋላ ልጅ የሚያነሳው ነገር ነው። ስለዚህ አሜሪካ በጁላይ 2023 ለዩክሬን ክላስተር ስትልክ እና ሰው ሲያጨበጭብ እዛ ላይ አልችልም። በ2008 ከ100 በላይ አገራት አንጠቀምም ብለው የተስማሙበት መሣሪያ ነው፣ አሜሪካም ሩሲያም ዩክሬንም አልፈረሙም። ሩሲያ ቀድማ ተጠቅማበታለች የሚል መልስ ትሰጡኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ግን ነገ ዛፖሪዥያ ማሳ ላይ የሚያነሳው የዩክሬን ገበሬ ልጅ ነው።

በዛው ጦርነት ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ሱ-27 ገዛች፣ ኤርትራ ሚግ-29 ገዛች፣ ሻጯ ለሁለቱም አንድ ናት፣ ሩሲያ። የተመድ የጸጥታው ምክር ቤት ሁለቱም ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ የጣለው ሜይ 17፣ 2000 ነው፣ የመጨረሻው ትልቁ ማጥቃት ከጀመረ ቀናት በኋላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸጥ ከርሞ ሁሉም ትጥቁን ከጨረሰ በኋላ!

የቅርቡንም ላንሳ፣ በኛ አቆጣጠር በ2014 ገና ሰሞን ደደቢት ላይ ተፈናቃይ የተጠለለበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመታ፣ የቦምቡ ስብርባሪ ቱርክ ሠራሽ እንደሆነ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ሻጩ አገር ለምን እንደዋለ ጠይቋል? የኔ አቋም አጭር ነው፣ ሰማይ የሚጠብቅ ነገር ስጡ፣ ፓትሪዮት ስጡ፣ ጌፓርድ ስጡ፣ የሰው ቤት እንዳይፈርስ። መሬት ላይ ቀርቶ ልጅ የሚገድል ነገር ለማንም አትስጡ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

@የዓይደር ሰፈር፦ ስለጻፍሽው/ስለጻፍከው አመሰግናለሁ፣ ይሄን ማንበብ ከባድ ነው። ስለ ክላስተር አልከራከርም፣ አንድም ልጅ ሊያነሳው የሚችል ነገር መላክ የለበትም። መከላከያ ብቻ ይሰጥ በሚለው ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ኬርሶን ከተማ በኖቬምበር 2022 ነፃ የወጣችው ዩክሬን ሃይማርስ በሚባለው ሮኬት የዲኒፕሮ ድልድዮችንና የሩሲያን መጋዘኖች ስለመታች ነው። ፓትሪዮት ብቻ ቢኖራት ያ ከተማ ዛሬም ተይዞ ነበር፣ የተያዘ ከተማ ውስጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሩሲያ ይዛው በነበረው ቡቻ የተገደሉት ሲቪሎች አሳይተውናል። የኛም አርበኞች አምስት ዓመት የተዋጉት ሊከላከሉ ብቻ አልነበረም፣ የተወሰደባቸውን ሊመልሱ ነው። በ1933 ከሱዳን ከእንግሊዝ ጋ የገባው ጠመንጃና ብር ማጥቂያ ነበር።

የዓይደር ሰፈር

ገባኝ የምትለው (ሴት ነኝ)። ሃይማርስ ድልድይ ሲመታ እና ቦምብ ትምህርት ቤት ሲመታ ልዩነቱን አውቃለሁ። የኔ ፍርሃት ግን የላከው ሰው ልዩነቱን የሚያይበት መንገድ የለውም፣ ወይ አይፈልግም። ዩክሬን ቢያንስ ጋዜጠኛ ይገባል፣ ፓርላማ ይጠይቃል። ሌላ ቦታ ኔትወርክ ተቆርጦ ነው የሚተኮሰው፣ እኛ 17 ወር ያለ ስልክ ኖረናል፣ ማን ምን እንደተመታ የሚያውቅ አልነበረም።

ማሂ ሽቱትጋርት

እሷ ያለችው ላይ ልጨምር። የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት የሚባል አለ፣ በ2013 በተመድ የጸደቀ፣ በ2014 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ። መሣሪያው የጦር ወንጀል ሊፈጸምበት እንደሚችል እያወቀ የሚሸጥ አገር ስምምነቱን ጥሷል ይላል። ጀርመን ፈርማ አጽድቃለች። አሜሪካ በ2013 ፈርማ ነበር፣ ሴኔቱ አላጸደቀውም፣ ትራምፕ በ2019 ፊርማዬን ወስጃለሁ አለ። ሩሲያ መቼም አልፈረመችም። ሕጉ ወረቀት ነው የሚል አለ፣ ግን ፍርድ ቤት ሲገባ ጥርስ ያወጣል፣ በ2019 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንግሥት ለሳዑዲ መሣሪያ ሲፈቅድ የመን ላይ የደረሰውን ጥሰት በትክክል አልመዘነም ብሎ ውሳኔውን ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ከሳሾቹ ተራ ዜጎች ያቋቋሙት ማኅበር ነው። የመሣሪያ ሰጪ አገር ዜጋ የሆንን ሰዎች ማድረግ የምንችለው ነገር አለ ለማለት ነው።

ካርቱም የነበርኩ

እሱን ልጠይቅ ነበር። እኛ ሱዳኖችም ሱዳን የኖርነውም ፌስቡክ ላይ ከማልቀስ ሌላ ምን እናድርግ? የሜሪላንዱ ሴናተር ቫን ሆለንና የካሊፎርኒያዋ ሳራ ጄኮብስ በ2024 መጨረሻ ኤምሬቶች ፈጥኖ ደራሹን ማስታጠቅ እስክታቆም አሜሪካ መሣሪያ እንዳትሸጥላት የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ትራምፕ ተመልሶ ሲመጣ ሽያጩ ቀጠለ። የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ አንተ ያለህበት ስቴት ሴናተር ነው እኮ። ስለ ዩክሬን ስንት ሰዓት እንደምትከራከር አይተናል፣ ስለዚህ አንድ ስልክ ብትደውል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እደውላለሁ። ሰኞ ቢሮው እንደተከፈተ፣ ብቻዬንም አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ላይ እጽፋለሁ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያለ አበሻ ቁጥር ትንሽ አይደለም። የምጠይቀው ሁለት ነው፣ ረቂቅ ሕጉ እንዲጸድቅ፣ እና የዳርፉሩ ማዕቀብ መላ ሱዳንን እንዲሸፍን አሜሪካ በጸጥታው ምክር ቤት እንድትገፋ። የዩክሬኑንም አብሬ አነሳለሁ፣ እሱን አልተውም።

የአራት ኪሎ ልጅ

የዩክሬኑ ላይ አሁንም አልተስማማንም፣ በሚቀጥለው ፖስት ስለ ኔቶ መስፋፋት እመጣብሃለሁ ተዘጋጅ። የሱዳኑን ግን ጽሑፉን በአማርኛ አዘጋጅተህ እዚህ ለጥፈው፣ እዚህ ያለነውም የተባበሩት ኤምሬቶች ውስጥ ዘመድ ያለን ብዙ ነን፣ እዛ ያሉት ስማቸውን ማውጣት አይችሉም፣ እኛ ግን እንችላለን።

ጡረተኛው

ልጄ አንብባልኛለች። ደብዳቤው ላይ መሣሪያው ሲያልቅ የት ይገባል የሚለውን ጥያቄ አስገቡልኝ። ለሱዳኑም ለዩክሬኑም።